ከግድቡ በላይ የቀረው ወንዝ

ቺኑክ ሳልሞን ሕይወቱን በወንዝና በባሕር የሚያካፍል ዓሣ ነው። በወንዝ ጠጠር ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩት ሳለ ወደ ባሕር ይወርዳል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከጎለመሰ በኋላ የተወለደበትን ውሃ በጠረኑ እየለየ ሽቅብ ይመለሳል። እዚያው ይራባና ይሞታል። ከዚህ ዓሣ ዝርያዎች አንዱ በዓለም ላይ የሚገኘው በካሊፎርኒያው የሳክራሜንቶ ወንዝ ብቻ ነው። በብርድ ወራት ከባሕር ወደ ወንዙ ይገባል፣ እንቁላሉን የሚጥለው ግን ምድሩ በሐሩር በሚቃጠልበት በሐምሌ አካባቢ ነው። እንቁላሉ ደግሞ ሙቀት አይችልም። ውሃው ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ካለፈ ይሞታል።

ታዲያ ይህ ዓሣ እንዴት ለዘመናት ዘሩን ተካ? መልሱ ያለው ከወንዙ ራስጌ ነው። ከሻስታ ተራራ የሚወርደው በረዶ ቀልጦ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ይሰርግና በምንጭ መልክ ወደ ማክላውድ ወንዝ ይፈሳል። ማክላውድ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሳልሞኑም እስከዚያ ድረስ ይወጣ ነበር። በዚያ ወንዝ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት ዊኔሜም ዊንቱ የተባሉት የአገሬው ነባር ሕዝቦች ናቸው። በእነሱ ትውፊት መሠረት ለሰው ልጅ ድምፁን የሰጠው ሳልሞን ነው፤ ሰውም በአጸፋው ስለ ሳልሞን ሊናገርለት ቃል ገብቷል።

የሻስታ ግድብ ግንባታ በ1938 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1945 ተጠናቀቀ። ከፍታው 183 ሜትር ሲሆን ዓሣ የሚያልፍበት መንገድ አልተሠራለትም። ውሃው የጎሳውን መንደሮችና መቃብሮች አጥለቀለቀ፤ ሳልሞኑ ከግድቡ በታች፣ በሚሞቀው ውሃ ቀረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከ100 ሺህ በላይ ይቆጠር የነበረው ይህ ዝርያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ዓመት ከ200 በታች ወረደ፤ በ1994ም በፌዴራል ሕግ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመደበ። በ2014 እና በ2015 ድርቅ ሲመታ፣ ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ በመሞቁ ከተጣሉት እንቁላሎችና ከጫጩቶቹ እጅግ የሚበዙት አለቁ።

የዚህ ዓሣ ታሪክ አንድ ያልተጠበቀ ምዕራፍ አለው። በ1872 ሊቪንግስተን ስቶን የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ በማክላውድ ዳርቻ የሳልሞን እንቁላል ማስፈልፈያ ጣቢያ አቋቋመ። ዊኔሜሞች መጀመሪያ ተቃወሙት፤ በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ተቀጥረው ሠሩ። ከካሊፎርኒያ የተሰበሰበ እንቁላል በዓለም ዙሪያ ተላከ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ኒውዚላንድ የተላከው እንቁላል ተሳክቶለት በራካያና በሌሎች ወንዞች ዘር ተከለ። ጎሳው በአገሩ ያጣው ዓሣ ዘመዶች በደቡብ ንፍቀ ክበብ በነፃነት እየዋኙ ነው ማለት ነው። በ2010 ዊኔሜሞች በአለቃቸው በካሊን ሲስክ መሪነት ወደ ኒውዚላንድ ተጉዘው በራካያ ዳር ሳልሞኑን ይቅርታ የሚጠይቅ ሥነ ሥርዓትና ጭፈራ አካሄዱ። የእነሱ ምኞት ያ ዘር ወደ ማክላውድ እንዲመለስ ነው። ነገር ግን የኒውዚላንዱ ሳልሞን በትክክል ከየትኛው የሳክራሜንቶ ገባር እንደሄደ ያከራክራል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዓሣ በሽታ ይዞ እንዳይገባም ይፈራል።

እስከዚያው ሥራው በአገር ውስጥ ባለው ዘር ተጀመረ። በ2022፣ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ እንቁላል ወደ ማክላውድ ተጓጓዘ። እንቁላሉ የመጣው ከግድቡ እግር ሥር ካለው፣ በዚያው በሊቪንግስተን ስቶን ስም ከሚጠራው ማስፈልፈያ ነው። በ2023 ጎሳው ከካሊፎርኒያ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትና ከፌዴራሉ የባሕር ዓሣ ሀብት አገልግሎት ጋር ስምምነት ተፈራርሞ የሥራው ተጋሪ አስተዳዳሪ ሆነ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለዊኔሜሞች የጎሳነት ዕውቅና እንዳልሰጣቸው ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጎሳው ድርሻ በፊርማ ብቻ አልተወሰነም። በተለመደው አሠራር እንቁላሉ በትሪ ተደርድሮ ውሃ ይፈስበታል፤ ጫጩቱም ሰው በወሰነው ቀን ይለቀቃል። ዊኔሜሞች ከመሐንዲሶች ጋር ሆነው የሠሩት ማስፈልፈያ ግን ወንዙን ራሱን ለመምሰል ይሞክራል። ጠጠር ተነጥፎበታል፣ የወንዙ ውሃ ሳያቋርጥ ያልፍበታል። ጫጩቱ በጠጠሩ መሃል ተደብቆ ያድግና ጊዜው ሲደርስ በራሱ ፈቃድ ወጥቶ ወደ ወንዙ ይገባል።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጫጩቶቹ ወደ ባሕር ሲወርዱ የሚጠብቃቸው ግዙፉ የግድብ ሐይቅ ነው። እዚያ ከገቡ ወደ ታች የሚያሻግራቸው መንገድ የለም። ስለዚህ ሐይቁ ሳይደርሱ ወንዙ ላይ ይጠመዳሉ። ወጥመዱ በተንሳፋፊ መድረክ ላይ የተገጠመ፣ አፉ ወደ ወንዙ ራስጌ የዞረ ትልቅ የብረት ቀፎ ነው፤ ሞተር የለውም፣ ወንዙ ራሱ ያሽከረክረዋል። በአፉ የገባው ጫጩት ከውስጥ ባለው ጥምዝ ክንፍ እየተገፋ ከኋላው ወዳለው ሣጥን ይወርዳል። ከሣጥኑ ተለቅሞ ይቆጠራል፣ በውሃ ጋን በመኪና ተጭኖ ከግድቡ በታች ይለቀቃል። የሚያዘው ግን ከተፈለፈለው ጥቂቱ ነው።

ዊኔሜሞች የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚሸከመው ዓሣ ተመለሰ አይባልም ይላሉ። በግድቡ ዙሪያ፣ በአካባቢው ያሉ ጅረቶችን ተጠቅሞ ዓሣው በራሱ የሚዋኝበት መንገድ እንዲከፈት ይጠይቃሉ። በሌላ በኩል የሻስታን ግድብ በ5 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ የማድረግ ሐሳብ ለዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ ቆይቷል፤ ከተፈጸመ ከጎሳው የተቀደሱ ስፍራዎች የተረፉትን ጭምር ውሃ ይውጣቸዋል። የ2022ቱ ሙከራ የማክላውድ ውሃ ዛሬም እንቁላሉን ማሳደግ እንደሚችል አሳይቷል። የቀረው ጥያቄ ያን ያህል የባዮሎጂ አይደለም፤ ለመስኖና ለኤሌክትሪክ ሲባል የተዘጋውን መንገድ ማን፣ በማን ወጪ እንደሚከፍተው ነው።