ፓስታ በሰፌድ ላይ

ከአዋሽ የሚነሣው የባቡር ፕሮጀክት መዳረሻ እንደሆነች ሰምተው ካልሆነ፣ ሐራን በስሟ ላያውቋት ይችላሉ። አማቴ የሚኖሩት እዚያ ነው። ለዕረፍት በሄድን ቁጥር ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ፓኬት ፓስታ አይጠፋም ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሌላ ምግብ እሺ አትልማ! እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ነገሩ ይገባዎታል። አማቴ ቀኑን ሙሉ ከሠሩት ወጥ አጠገብ እኔ ለልጅ ልጃቸው ፓስታ ስቀቅል ቅር እንደሚላቸው ፊታቸው ላይ አየው ነበር። አንድም ቀን ግን አልተናገሩም።

ባለፈው ጉዞ ፓኬቶቹን አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ትቻቸው ወጣሁ። መርሳ ስንደርስ መርሳቴ ትዝ አለኝ። ሐራ የገባነው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ልጅቷም ማልቀስ ጀመረች።

«እንዲያው ዱቄት አይደለም እንዴ?» አሉ አማቴ።

ዱቄት ነው። ለአራት ሰው 300 ግራም የፉርኖ ዱቄትና 3 የፈረንጅ እንቁላል ይበቃል። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 4 ያድርጉት። ዱቄቱን ከምረው መሐሉን ጎድጎድ ያድርጉ፣ እንቁላሉንና ቁንጥር ጨው ይጨምሩ፣ በሹካ ያዋሕዱ፤ ከዚያ ለ10 ደቂቃ በእጅ ያሹት። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ይላል። እኔ ውሃ ልጨምር ስል አማቴ እጄን ያዙኝ፤ ልክ ነበሩ፣ ሲታሽ ራሱ ይለሰልሳል። በጨርቅ ሸፍነው 30 ደቂቃ ያሳርፉት። ይህችን አይዝለሏት፤ ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ እንደ ላስቲክ ተመልሶ ይሰበሰባል።

ማሽን አያስፈልግዎትም። እኛ የዳመጥነው በባዶ ጠርሙስ ነው። ከሥሩ ያስገቡት እጅ በስሱ እስኪታይዎት ያሳሱት፣ ዱቄት ነስንሰው ላላ አድርገው ያጥፉት፣ በቢላ በቀጭኑ ይቁረጡት። አማቴ ክሮቹን ሰፌድ ላይ በተኗቸው፤ ከዚያ የተሻለ ማድረቂያ እስካሁን አላየሁም።

ሲቀቅሉ ውሃው ብዙ ይሁን፦ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ያህል። ትኩስ ፓስታ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ይበስላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ትንሽ ይዘገያል፤ አንዱን ክር አውጥተው ይቅመሱ።

ለጾም እንቁላሉን ትተው ለ300 ግራም የዱረም ስንዴ ዱቄት 150 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይጠቀሙ። የደቡብ ጣሊያን ሰዎች ይህንኑ ሊጥ ቆራርጠው በአውራ ጣት እየተጫኑ «ትንንሽ ጆሮዎች» የሚሏቸውን ይሠራሉ። ለልጅ ከዚህ የሚመች ሥራ የለም።

ዱረም ደግሞ የእኛም ስንዴ ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ በስንዴያችን የዓይነት ብዛት ተደንቋል። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ መቄት ወረዳ ገረገራ ላይ 400 ያህል የስንዴ ዓይነቶችን ዘርተው ሴትና ወንድ ገበሬዎችን ዳኛ አድርገዋል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ፓኬት ላይ የስንዴ ዘለላ ሥዕል ማሳመር አውቃለሁ። ስንዴው ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በዚያ ምሽት ስጎ የሚሆን ቲማቲም አልነበረም። አማቴ ከምስር ወጣቸው ጭልፋ አውጥተው ፓስታው ላይ አፈሰሱ። ልጄ አየችው፣ አያቷን አየች፣ የራሷን የተንጋደደ ክር መርጣ ጎረሰች። ቃሪያዋን አውጥታ ሌላውን ጨረሰችው።

አሁን ልንሄድ ስንል አማቴ አስቀድመው ይደውሉና ስንት እንቁላል ላስቀምጥ ይላሉ።