ስለ ሽማግሌዎች ልብና ስለ እግር ጕዞ

ዕድሜው ከ60 ዓመት ያለፈ ሰው ከመንግሥት ሥራ ወይም ከእርሻው በተሰናበተ ጊዜ ዕረፍት ማለት መቀመጥ ይመስለዋል። ልጆቹም ስለ ክብሩ ሲሉ ውሃውን ከፊቱ ያቀርቡለታል፤ ቅርብ ስፍራም ቢሆን በባጃጅ ይወስዱታል። ይህ አክብሮት መልካም ሲሆን ልብን ግን ያሰንፋል። ልብም እንደ ክንድና እንደ ጭን ጡንቻ ናትና ሥራ ስትፈታ ትደክማለች።

ጄሬሚ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ የሎንዶንን አውቶቡስ ሠራተኞች መርምረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቈራጮች ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ሥር በሽታ የሚያዙት ጥቂት እንደ ሆኑ አስረድተዋል።

ከቆቦ በስተደቡብ ያለችው ሮቢት ለዚህ ነገር አንድ በጎ፥ አንድ ክፉ አላት። በጎው የራያ ሜዳ ነው፤ ዳገት ለማይችል ጕልበት ይስማማል። ክፉው ሐሩሩ ነው። በሙቀት ጊዜ ልብ ደምን ወደ እግር ብቻ ሳይሆን ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳም መላክ አለባት። በዚህም ላይ ሽማግሌ ውሃ ጥሙ ቶሎ አይታወቀውም፤ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚውጥ ከሆነ ደግሞ ውሃው ፈጥኖ ያልቅበታል። ስለዚህ ጕዞው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፥ አለዚያም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን። መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያዝ ማቋረጥ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እንደ አውሮፓውያን) ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያዛል፤ ሚዛንን የሚያጸናም በሳምንት 3 ቀን ይጨምራል። መጠነኛ ማለት ከጓደኛ ጋራ እየተነጋገሩ መሄድ የሚቻልበት፥ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ነው። ያልለመደ ሰው በ10 ደቂቃ ይጀምር። እጅን ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትም ጭንን ያበረታል።

የራያ ሰው ጭፈራ ወዳጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ የከረመ ሽማግሌ በሠርግ ቀን ከጐረምሶች እኩል ሲዘል ማየት ደስ ያሰኛል፥ ያስፈራልም፤ ድንገተኛ ብርቱ ድካም ይበልጥ የሚጐዳው ያልለመደውን ልብ ነውና። ትንፋሽን ይዞ የማሽላ ጆንያ ማንሣትም የደምን ግፊት በቅጽበት ከፍ ያደርጋል።

ደረትን የሚጫን ሕመም፥ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወርድ ሥቃይ፥ ቀዝቃዛ ላብ የተሰማው ሰው ወዲያው ይቀመጥ፤ ቤተ ሰቡም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ያድርሱት። ሴቶችና የስኳር በሽታ ያለባቸው ደረታቸውን ሳያማቸው የትንፋሽ ማጠርና ብርቱ ድካም ብቻ ሊሰማቸው ይችላልና፥ «ደክሞኝ ነው» ብለው ቤት አይዋሉ።