ሰበብና ምርጫ፦ ጉድለት ያለበት ገጸ ባሕርይ በታሪካዊ ልብ ወለድ

ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ከሌላው ደራሲ የሚለይበት አንድ ችግር አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሠራና እንዴት እንደሞተ አንባቢው አስቀድሞ ያውቃል። በዚህም የተነሣ አንባቢውን ይዞ የሚቆየው ጥያቄ የመጨረሻው ምን ይሆን የሚለው ሳይሆን ይህን ያደረገው ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለው ይሆናል። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ከተነሣባቸው ሰዎች ቀዳሚው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» ንጉሡን ወደ ፈጠራው ዓለም አምጥተዋቸዋል። እዚህ የሚመረመረው የእነዚህ ሥራዎች ብቃት አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ በደራሲ ፊት የሚያስቀምጠው ፈተና ነው።

ፈተናው የሚጀምረው ታሪኩ ለትልም እጅግ የተመቸ በመሆኑ ነው። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የሚወዷቸው ባለቤታቸው ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ። ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም.፣ ታማኝ አማካሪያቸው ጆን ቤል ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ተገደሉ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ ሳያገኝ ቆየ። ደራሲው ከዚህ ቅደም ተከተል አንድ ሰው በቀላሉ ሊያወጣ ይችላል፤ መልካም ሆኖ ተነሥቶ በኀዘን፣ በክህደትና በንቀት የተሰበረ ንጉሥ። ችግሩ እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ የራሱ ጉድለት የሌለው መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ጭካኔ ከውጭ የመጣ ሰበብ ተያይዞለታል። አንባቢው ያዝንለታል እንጂ አይፈራውም፤ በዘመኑ የነበሩት ሰዎች ግን ይፈሯቸው ነበር።

የጊዜ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይህን አቀራረብ አይደግፍም። ካሳ ገና ከመንገሡ በፊት የተፈጸመ፣ በሰፊው የሚተረክ አንድ ክስተት አለ። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያለ ሲፎክርበት ቆይቶ በጦርነት ተማረከ፤ ካሳም ለምርኮኛው ኮሶ አስጠጣው። ይህ ሲሆን ተዋበች በሕይወት አለች፤ የከዳ ወዳጅም ሆነ የናቀ ባዕድ መንግሥት የለም። ቂሙ ግን ሙሉ ነው፤ በዚያ ላይ ፌዝ አለበት፤ የቅጣቱ ልክም በስድቡ ልክ የተቆረጠ ነው። አንድን ቃል ሳይረሳ ይዞ ቆይቶ በቀኑ የሚመልስ ሰው ኋላ የገባውን ቃል ለመፈጸም ነፍሱን የሚሰጠውም ያው ሰው ነው። ጉድለትና በጎነት ከአንድ ሥር ሲበቅሉ ገጸ ባሕርዩ ይታመናል ማለት በተግባር ይህ ነው። ለጀግናው ለሚዛን ያህል ጥቂት ቁጣና ጥቂት ስካር መጨመር ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ የተጨመረ ነገር ቢነሣ ጀግናው ሳይነካ እንደነበረ ይቆያልና።

የሴባስቶፖል መድፍ ታሪክም ለደራሲ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡት ይህ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወራት በፈጀ ጉዞ ተራራና ገደል እያቋረጠ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ። መንገዱ በእጅ ተቆፈረ፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ድንጋይ የሚሸከም ንጉሥ ሥዕል ያምራል፤ ስለ ትሕትና የሚናገር ምዕራፍ በቀላሉ ያስጽፋል። ነገር ግን በዚያው ገመድ ላይ የተሠለፈውን፣ አዝመራውን ጥሎ የመጣውን ባላገር የሚከተል ደራሲ ሌላ ነገር ያያል። ንጉሡ ራሱ እየሠራ ደከመኝ ማለት አይቻልም። የትሕትና ምልክት የነበረው ሥራ ለሌላው ሰው መውጫ የሌለው ትእዛዝ ይሆናል። ደራሲው ስለ ግትርነት አንድ ቃል ሳይጽፍ ግትርነቱ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የ1860 ዓ.ም. የሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ሐሙስ ነው። በመቅደላ የነበሩት ራሳምና ብላንክ ከእስር ከተፈቱ በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት የቀኑ መልክ ይታያል። ንጉሡ እስረኞቻቸውን መፍታት ጀመሩ፤ ሴቶችና ሕፃናት ወጡ። የቀሩት ምግብና ውሃ እያሉ ሲጮኹ ንጉሡ ጠጥተው ነበርና ተቆጡ፤ በሰይፍም፣ በጥይትም፣ ወደ ገደል በመወርወርም ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በእስላምጌ ተገደሉ። በማግስቱ፣ በስቅለት፣ ሠራዊታቸው አሮጌ ላይ ተሸነፈ። በአራተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ራሳቸውን ገደሉ።

ብዙ ጊዜ የሚተረከው የመጨረሻው ቀን ነው። ሽጉጡ ለመድረክም ለገጽም የተመቸ ነው፤ የኀሙሱ ግን አይመችም። ሆኖም ስለ ገጸ ባሕርይ የሚጠይቅ ደራሲ ኀሙስን ዘልሎ ሰኞን ሊያገኝ አይችልም። በዚያ ቀን ምሕረቱና ግድያው የሚለያዩት በሰዓታት ነው፤ ጠዋት የፈታው እጅ ከሰዓት በኋላ ገደለ። ስካር ሰበብ ይሆናል፤ እየቀረበ ያለው የናፒየር ጦርም እንዲሁ። ነገር ግን በሩ ጠዋት ክፍት ነበር፤ ንጉሡም ይህን ያውቁ ነበር፤ ራሳቸው ከፍተውታልና። ምርጫ የሚባለው ነገር በልብ ወለድ ውስጥ የሚታየው እንዲህ ያለ ሁለተኛ መንገድ በተጨባጭ በገጹ ላይ ሲኖር ነው። ደራሲው ንጉሡ ያልፈቱትን አንድ ሰው፣ ከእስር የወጣችውን ሚስቱን በዐይኑ ሲሸኝ፣ ማሳየት ቢችል ለሰበብ የሚቀረው ቦታ ትንሽ ይሆናል።

ጉድለቱ የሚለካበት ሚዛንም የዘመኑ መሆን ይኖርበታል። በ1853 ዓ.ም. ተማርኮ እጅና እግሩ የተቆረጠው አገው ንጉሤ የዛሬውን አንባቢ ያስደነግጣል፤ ለዐመፀኛ የሚሰጠው ይህ ቅጣት ግን በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። የዘመኑን ሰው ያስደነገጠው ሌላ ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃሉ፣ የተረፈው መሬት ይገብር የሚለው አሳብ፣ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ መታሰራቸው፣ በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መዘረፍና መቃጠል። የዛሬ አንባቢ ከእነዚህ የመጀመሪያውን እንደ ተራማጅ አሳብ ሊያደንቀው ይችላል። ገጸ ባሕርዩ ግን የሚኖረው በሚያደንቀው አንባቢ መካከል አይደለም፤ በሚማተቡ ሰዎች መካከል ነው። ስለ ቅጣቱ በዛሬ ቋንቋ የሚጸጸት ቴዎድሮስ ከዘመናችን የተዋሰ ሰው ይሆናል።

ዜና መዋዕሎቹ እዚህ ላይ ይረዳሉ። የደብተራ ዘነብ ጽሑፍ ለንጉሡ የሚያደላና ከመጀመሪያዎቹ የንግሥና ዓመታት ብዙም የማያልፍ ነው። አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ከንጉሡ ሞት በኋላ ሲሆን ብዕራቸው ይመርራል። ብዙ ደራስያን ሁለቱን አስታርቀው መካከለኛ ሰው ለማግኘት ይሞክራሉ። የተሻለው ልዩነቱን ሳያስታርቁ ለሁለት ሰዎች አፍ መስጠት ይመስላል፤ ሁለቱም ያዩት እውነት ነበርና።

አማርኛ የሚያመጣው የራሱ ችግርም አለ፤ በውጭ የተጻፉ የድርሰት መመሪያዎች ስለማይነኩት ብዙ አይወራበትም። ተራኪው ንጉሡን «እሱ» ይበል ወይስ «እሳቸው»? በ«እሳቸው» የተጻፈ ንጉሥ ሁልጊዜ ከተራኪው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲፈራ፣ ሲያፍር፣ ሲዋሽ ማሳየት ይከብዳል፤ ግሡ ራሱ ይሰግድለታልና። በ«እሱ» ከተጻፈ ደግሞ የዘመኑ አየር ይጠፋል፤ ድፍረትም ይመስላል። ካሳን በ«እሱ» ጀምሮ በደረስጌ ወደ «እሳቸው» መሻገር አንዱ መፍትሔ ነው። ግን ከዚያ በኋላ የንጉሡ ውስጣዊ አሳብ እንዴት ይነገር? ለራሱ ሲያስብ ማንም ራሱን አንቱ አይልም። ብቻውን ሲሆን ቋንቋው ወደ ካሳ ሊመለስ ይችላል፤ አንባቢውም ጉድለቱን የሚያገኘው በዚህ ሽግግር ላይ ነው።

ከዚህ ችግር ሌላ መውጫ አለ። ጊዮርጊ ሉካች ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ በጻፈው ጥናት የዋልተር ስኮትን ዘዴ ሲያብራራ ታላላቆቹ የታሪክ ሰዎች በዳር እንዲቆሙ፣ መካከሉን ግን መካከለኛ ሰው እንዲይዘው መደረጉን ያደንቃል። ለቴዎድሮስ ታሪክ መካከሉን ሊይዙ ከሚችሉት አንዷ የወሎዋ ወርቂት ናት፤ መካከለኛ ሰው ባትሆንም። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ የገባው በእርሷ ግዛት ነው። ልጇ አመዴ ደግሞ መቅደላ ላይ በእስር ነበር። ምኒልክን መልሳ ልጇን ማትረፍ ወይም ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳልፋ የወደፊት ንጉሥ ወዳጅ ማድረግ በፊቷ ነበሩ። ምኒልክ ሸዋ ገባ፤ ቴዎድሮስም አመዴን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። የእርሷን ውሳኔ የሚጽፍ ደራሲ አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ ምኒልክን ስታሳልፍ የልጇን ሞት ሰምታ ነበር ወይስ አልሰማችም። ከሰማች በኋላ ያሳለፈች ሴት በቀለኛ እናት ናት፤ ሳትሰማ ያሳለፈች ግን ሥልጣንን በልጇ ሕይወት ላይ ያስያዘች ገዢ ናት። በሁለቱም ምዕራፍ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ በሩቁ ከመታየት በቀር አይገቡም፤ መልእክተኛው ግን ከዚያ እየወረደ ነው።