የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝን የሚጥለው የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ

‹‹ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው›› ይላሉ አበው። ሒሳብም እንዲሁ ነው። ክፍልፋይ ያልገባው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የዚያኑ ቀን አይወድቅም። ሸምድዶም ሆነ ኮርጆ ሰባተኛን ያልፋል፣ ስምንተኛን ያልፋል፣ ሁለተኛ ደረጃም ይገባል። ዕዳው የሚጠየቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ቤት ለዚህ ፈተና የሚዘጋጅ ታናሽ ወንድም ወይም እህት፣ ካልሆነም የጎረቤት ልጅ አይጠፋም። ‹‹ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የለ፣ እስቲ ሒሳብ አስጠኚኝ›› ሲሉን፣ ‹‹እኔ እኮ ጋዜጠኝነት ነው የማጠናው›› ብለን እናመልጣለን። ሒሳብ ግን የተፈጥሮ ሳይንስም የማኅበራዊ ሳይንስም ተፈታኝ የማያመልጠው ትምህርት ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 585,882 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ተፈታኙ የት ላይ እንደሚሰናከልና እንዴት መከለስ እንዳለበት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን ተፈታኞች ሳስጠና ያስተዋልኩት ነገር አለ። ልጆቹ ፎርሙላውን ያውቁታል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። 1 + 1/2 + 1/4 + 1/8 እያለ ማለቂያ የሌለው ድምር ስንት ነው? ይህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። ፎርሙላው ‹‹የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ከ1 ላይ ሬሾው ተቀንሶ ለሚቀረው አካፍል›› ይላል። ሬሾው 1/2 ስለሆነ 1 ሲካፈል ለ1/2 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ልጁ አንበሳ ነው። ከዚያ በኋላ መልሱን ‹‹1/2›› ብሎ ቁጭ!

ትክክለኛው መልስ 2 ነው። አንድ እንጀራ ለግማሽ ለግማሽ ቢቆረጥ ስንት ቁራሽ ይወጣዋል? ሁለት። 1 ለ1/2 ሲካፈል ማለት ይኸው ነው። ደግሞስ ድምሩ ገና ከመነሻው በ1 ከጀመረ እንዴት ሆኖ ግማሽ ሊሆን ይችላል? ልጁ የተሳሳተው የአሥራ ሁለተኛውን ትምህርት አይደለም፤ ያንን በደንብ ሠርቶታል። የጣለው ክፍልፋይን ማካፈል ነው፤ የስድስተኛ ክፍሉ። ቤት የሚሰጠው ምክር ግን ‹‹የአሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ ድገመው›› ነው። ቁስሉ እግሩ ላይ፣ ፋሻው እጁ ላይ!

ሌሎቹም ስህተቶች የዚሁ ዘመዶች ናቸው። 5 – (3 – 7) ሲባል፣ ቅንፉን ሲፈታ ምልክቱን የማይቀይር ተማሪ –5 ይላል፤ መልሱ 9 ነው። 1/2 + 1/3 ሲባል ላይ ከላይ፣ ታች ከታች ደምሮ 2/5 የሚል አለ። 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል! በግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል? መልሱ 5/6 ነው። 800 ብር የነበረ ጫማ 25 በመቶ ቢጨምርና መልሶ 25 በመቶ ቢቀንስ፣ ብዙው ሰው ‹‹ያው 800 ነዋ›› ይላል። መጀመሪያ 1,000 ይሆናል፤ ከ1,000 ላይ 25 በመቶ ሲነሳ 750 ይቀራል። የመቶኛው መነሻ ተቀይሯል።

ልብ በሉ፣ የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው ተማሪ በብዛት የሚሳሳተውን መልስ ከምርጫዎቹ መሀል ያስገባል። ስለዚህ ‹‹የሠራሁት መልስ ምርጫው ውስጥ አለ፣ እንግዲያው ትክክል ነኝ›› ማለት አያዋጣም።

ታዲያ እንዴት ይከለስ? በመጀመሪያ ተማሪው አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና ያለ ሰዓት ገደብና ያለ ካልኩሌተር ይሥራ። ፈተና ክፍል ካልኩሌተር ስለማይገባ እጁ ከአሁኑ ይልመድ። ከታረመ በኋላ ውጤቱን ብቻ አይቶ አይጣለው። የሳታቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሦስት ቦታ ይመድባቸው። አንደኛ፦ ምዕራፉን ጭራሽ አላውቀውም። ሁለተኛ፦ መንገዱን አውቄ ክፍልፋይ፣ ምልክት ወይም መቶኛ ላይ ሳትኩ። ሦስተኛ፦ የጥያቄው እንግሊዝኛ አልገባኝም። ይህ ሦስተኛው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ‹‹አት ሊስት 3›› ማለት 3 እና ከዚያ በላይ፣ ‹‹አት ሞስት 3›› ማለት 3 እና ከዚያ በታች መሆኑን ያላወቀ ልጅ ሒሳቡን ቢያውቅም ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ምድብ ከበዛ የስድስተኛ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መጻሕፍት ይፈለጉ። ማፈር አያስፈልግም። አንድ ሳምንት ክፍልፋይ፣ አንድ ሳምንት ቅንፍና ምልክት፣ አንድ ሳምንት መቶኛና ሬሾ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእጅ መሥራት። መልስ በተገኘ ቁጥርም ‹‹ይህ ቁጥር ያስኬዳል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ። ከዚያ በኋላ ወደ ከባዱ ምዕራፍ ሲመለስ የድሮው ግድግዳ በር ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ለራሳችንም ነው። ፍሬሽ ሳለን የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ ወስደን ‹‹ተገላገልን›› ብለን ነበር። ግን ዜናው ራሱ በሒሳብ የተሞላ ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ‹‹በ3 በመቶ አደገ›› ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ተሳስቷል፤ ያደገው በ3 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ድርሻው ራሱ ግን በ55 በመቶ ገደማ አድጓል። ያለፉት ልጆች ቁጥርስ? ከ36,409 ወደ 48,929፣ ማለትም 34 በመቶ ገደማ ነው የጨመረው፤ ምክንያቱም የተፈታኙ ብዛት ከ674,823 ወደ 585,882 ወርዷል። ሦስት ቁጥር፣ ሦስት የተለያየ ወሬ። የቱን እንደሚጽፍ የሚያውቀው መቶኛ የገባው ሰው ነው።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ‹‹አስጠኑን›› ሲሉን አንሽሽ። ከስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ አብረናቸው እንጀምር፤ እኛም እንከልስበታለን። ቸር እንሰንብት!