የወገብ ዲስክ ሕመም፦ ምርመራውና ሕክምናው በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የተቀመጠ ትራስ ነው። ዙሪያው ጠንካራና ድርብርብ ክር፣ መሐሉ ውኃ የበዛበት ዝልግልግ ነገር ነው። ሰው 23 ዲስኮች ሲኖሩት፣ ሸክሙ የሚበረታው በወገብ መጨረሻ ባሉት ሁለቱ ላይ ነው። ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡ ከአጎራባች አጥንቶች እየሰረገ ይደርሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ሲጎዳ ቶሎ አይጠገንም። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፣ ዙሪያው ይሰነጣጠቃል፣ ውፍረቱ ይሳሳል። የመሐሉ ዝልግልግ በስንጥቁ ሾልኮ ነርቭ ሲነካ ሕመሙ ከወገብ አልፎ ወደ እግር ይወርዳል።

ዲስክን የሚያስረጀው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በፊንላንድ በመንትዮች ላይ የተደረገ የረጅም ጊዜ ጥናት ከሥራ ሸክም ይልቅ የዘር ውርስ ድርሻ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሸክም ግን ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ ያባብሳል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ወረዳና በአካባቢው ቆላ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርት መትከልና ማረም፣ ማሾ መልቀም፣ ማሽላ ማጨድ የተለመደ ሥራ ነው። በጀርባ የሚታዘል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ጫኝና አውራጁ የሚሸከመው ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ደግሞ ለሰዓታት መቀመጡና የመኪናው ንዝረት ይጎዳቸዋል።

የምርመራው ዋና መሣሪያ ጥያቄና የሐኪም እጅ ነው። የዲስክ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሲጎነበሱ፣ ብዙ ሲቀመጡና ዕቃ ሲያነሡ ይብሳል፤ ጋደም ሲሉ ቀለል ይላል። ነርቭ ከተነካ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ ከጉልበት በታች ይወርዳል፤ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ይወጋል፤ እግር ይደነዝዛል። ሐኪሙ በጀርባው የተኛውን ታካሚ እግር ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ ላይ ያነሣል፤ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከፍታ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ነርቭ መነካቱን ይጠቁማል። በተረከዝና በጣት ማስራመድ፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን በመዶሻ መታ መታ ማድረግ የትኛው ነርቭ እንደደከመ ይለያል። ይህ ሁሉ በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ምርመራ ነው።

የወገብ ሕመም ሁሉ ዲስክ አይደለም። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ኩላሊቱን ነው። በቆላ ሙቀት ላብ እያላበው ውኃ የማይጠጣ ሠራተኛ በእርግጥም የኩላሊት ጠጠር ሊይዘው ይችላል። የጠጠር ሕመም ግን ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ መጣ ሄድ ይላል፣ እንዴትም ቢተኙ ፋታ አይሰጥም። የወገብ ሕመሙ ከቆየ ትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ብሩሴላ ሊሆን ይችላል። ብሩሴላ በፍየል፣ በላምና በግመል ያልፈላ ወተት ስለሚተላለፍ፣ ከብት አርቢው ጎረቤት በሆነበት ቆላ ታካሚው ጥሬ ወተት ይጠጣ እንደሆነ መጠየቅ ከራጅ ይቀድማል። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ ዲስክ ተብለው ከታለፉ ግን አጥንቱን ሊያፈርሱት ይችላሉ።

ራጅ የሚያሳየው አጥንቱንና በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት እንጂ ዲስኩን አይደለም። ኤምአርአይ ዲስኩንና ነርቩን ለይቶ ያሳያል፤ ችግሩ፣ የማያመውንም ዲስክ እንደ ታመመ አድርጎ ማሳየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 33 ጥናቶችንና የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች ያካተተ ግምገማ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶው፣ በ50 ዓመት 80 በመቶው፣ በ80 ዓመት 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ እንዳላቸው አግኝቷል። ስለዚህ የ50 ዓመት ገበሬ የምርመራ ውጤት ላይ ዲስክ ተብሎ መጻፉ ብቻውን የሕመሙን ምንጭ አያረጋግጥም፤ ታካሚው ከሚናገረውና ሐኪሙ በእጁ ካገኘው ምልክት ጋር መግጠም አለበት። ከሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ኤምአርአይ መነሣት የሚያስፈልገው አደገኛ ምልክት ሲታይ፣ ወይም ከ6 ሳምንት ሕክምና በኋላም ሕመሙ ሳይሻል ቀርቶ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው በእንቅስቃሴ ነው። ለሳምንታት አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያደክማል፣ ማገገምን ያዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴንና ስለ ሕመሙ ማስረዳትን ሲደግፍ፣ የወገብ ቀበቶን፣ ወገብ መጎተትንና እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶችን አልመከረም። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ውኃ ያጠረውን ሰው ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ስለዚህ በቆላ ፀሐይ ለሚውል ሠራተኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት መዋጥ አደጋ አለው። የወጌሻ ቀላል እሽታ ጡንቻን ሊያፍታታ ይችላል፤ ዲስክን ግን ወደ ቦታው አይመልስም። እግር በደከመበት ወይም ቲቢ በተጠረጠረበት ሰው ላይ በኃይል መጠምዘዝ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ሥራውን ማስተካከል ከመድኃኒቱ እኩል ይጠቅማል፦ ውኃውን በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን መክፈል፣ ኩንታሉን በጋሪ ማጓጓዝ ወይም ለሁለት ማንሣት፣ በረጅም እጀታ መኮትኮት፣ በአረም መሐል እየቆሙ ወገብን ማቃናት።

ቀዶ ሕክምና የጥቂቶች ድርሻ ነው። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ ታካሚው በታርማበር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አዲስ አበባ በአስቸኳይ ሪፈር ይጻፍለታል።

እነዚህ አደገኛ ምልክቶች ከሌሉ ቀዶ ሕክምና የማድረጉ ምርጫ የታካሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የዘለቀ ጽኑ የእግር ሕመም ባላቸው 283 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ፈጥነው እንደተሻላቸው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው እንዳገገመ አሳይቷል። ሕመሙ በወገብ ብቻ ከተወሰነና ዲስኩ ከማርጀት በቀር ሌላ ካልተገኘበት፣ አጥንቶችን አገጣጥሞ ማሰር ከተጠናከረ የእንቅስቃሴ ሕክምና ጎልቶ እንደሚበልጥ አልታየም። ሕመሙ ደጋግሞ ሊመለስ ይችላል፤ በየጊዜው ሲመለስ አደገኛ ምልክት እስከሌለ ድረስ ሕክምናው ያው ነው።