የሐረር ሳንቲሞችና ሦስቱ ዘመን አቆጣጠሮች

ጀጎል ውስጥ፣ በፈረስ መጋላ አካባቢ ባሉ የጌጣጌጥና የአሮጌ ዕቃ ሱቆች፣ ሳንቲም የሚቀርበው ተደባልቆ ነው። በአንድ ሳህን ላይ 1780 የሚል ትልቅ ጠገራ ብር፣ የግዕዝ ቁጥር ያለበት የምኒልክ ብር፣ የጃንሆይ ምስል ያለበት የመዳብ ሳንቲም፣ ዕድል ከቀናም ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባት ስስ ናስ አብረው ይገኛሉ። ጠገራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የምኒልክና የጃንሆይ ሳንቲሞች በኢትዮጵያ፣ ናሷ ደግሞ በሂጅራ የተጻፉ ናቸው። ዓመቱን ብቻ አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ ጀማሪ ሰብሳቢ መክሰሩ አይቀርም።

ናሷ መሐለቅ ትባላለች፤ የሐረር አሚሮች ያሳትሟት የነበረች የከተማዋ የራሷ ገንዘብ ነች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ሲገባ ያያት መሐለቅ በአንድ ወገኗ በሐረር መታተሟን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ በሌላው ደግሞ 1248 የሚል የሂጅራ ዓመት ነበራት፤ ይህም ወደ 1825 ዓ.ም. ገደማ ይመጣል። በርተን እንደጻፈው 22 መሐለቅ አንድ አሽረፊ፣ ሦስት አሽረፊ ደግሞ አንድ ጠገራ ብር ነበር። በከተማዋ ውስጥ በሌላ ገንዘብ የተገበያየ ሰው በአሚሩ ክፉኛ ይቀጣ እንደነበርም ይናገራል።

ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሐረርን ይዘው ከወጡ በኋላ አሚር አብዱላሂ አዲስ ገንዘብ ቢያወጡም ለነዋሪው ድህነትን እንጂ ጥቅምን አላመጣለትም። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ሲሸነፉ ከተማዋ በራስ መኮንን እጅ ገባች፤ የአሚሮቹም ገንዘብ ዘመኑ አበቃ።

መሐለቅ ብረቷ ተመዝኖ ቢሸጥ የሻይ ዋጋ እንኳ አያወጣም። ተፈላጊ ያደረጋት ሌላው የአገሪቱ ክፍል የራሱን ገንዘብ በማያሳትምበት ዘመን የታተመች መሆኗና ዛሬ እንደ ልብ አለመገኘቷ ነው። በእጅ ትመታ ስለነበር ማኅተሙ ወደ ጎን ሸሽቶ ዓመቱ ከጠርዙ ውጭ የቀረባት ብዙ ናት፤ ስለዚህ ጽሑፏም ዓመቷም ሙሉ በሙሉ የሚነበብ መሐለቅ ከሌሎቹ በብዙ ትበልጣለች።

ጠገራ ብር የዚህ ተቃራኒ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞቱት በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀርቷል። ቪየና እስከ ዛሬ ታትመዋለች። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ አሳተመው፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም በየተራ አትመውታል። የሐረር ቡናና ቆዳ የተሸጠበት ገንዘብ ስለሆነ በከተማዋ ዙሪያ በየቤቱ ተቀምጧል። እናም 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን አይመሰክርም፤ ዋጋውን የሚወስነው በአብዛኛው ብሩ ነው። ሙሉ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ተኩል አይሞላም።

አንጥረኛ ወይም ልምድ ያለው ነጋዴ ጠገራን የሚፈትነው በሚዛንና በድምፅ ነው፤ አስመስሎ የተሠራ ብዙውን ጊዜ ይቀላል፣ ሲጣልም ደንቆሮ ድምፅ ያሰማል። ቀጥሎ የሚታየው ጠርዙ ነው። በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ ስለ ፍትሕና ርኅራኄ የሚናገር የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይነበባል። በሻጋታ ፈስሶ በተሠራው ላይ ግን ፊደሉ ይሟሟል፤ የሻጋታው ሁለት ወገን የተጋጠመበት መስመርም ሊታይ ይችላል።

በምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ዓመቱ ብዙ ይናገራል። ፓሪስ ውስጥ ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው አንድ ብር ፲፰፻፹፯ ይላል። ፲፰፻፹፱ የሚለው በርከት ብሎ ስለታተመ በቀላሉ ይገኛል፤ ፲፰፻፹፰ የሚለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ፰ እና በ፱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ፣ መልኩ በተፋቀ ብር ላይ አጉሊ መነጽር ሳይዙ መከራከር ዋጋ የለውም።

በጃንሆይ ዘመን የዓመቱ ነገር እንደገና ይደፈርሳል። በ1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋሉት ሳንቲሞች 1936 የሚል የግዕዝ ቁጥር ይዘው እስከ ዘመነ መንግሥቱ ማብቂያ ድረስ በተደጋጋሚ ታትመዋል። ሰብሳቢ የሚፈልገው በዓመቱ ሳይሆን በቅርጹ የሚለየውን ነው፦ ባለ 25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከ50 ሳንቲም ጋር ስለተመሳሰለ ተሰበሰበና ጠርዙ ተሸንሽኖ ተመለሰ። ሽንሽኑ ሞልቷል፣ ክቡ ብርቅ ነው። ደርግ ያወጣቸው ባለ አንበሳ ሳንቲሞችም 1969 የሚለውን ዓመት እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ታትመዋል።

ከዚህ በኋላ የሚታየው ይዞታ ነው። ሳንቲምን በአሸዋ ወይም በሎሚ አሽቶ ማብረቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ዘመን ያለበሰው ቀለም ሲነሳ የሰብሳቢው ፍላጎትም አብሮ ይነሳል። ለአንገት ጌጥ ጆሮ የተበየደበት ጠገራ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ይረክሳል፤ ጌጥ ፈላጊ ዘንድ ግን ሊወደድ ይችላል።

ዓይኑን ማሠልጠን የሚሻ ሰው በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ቢጎበኝ ይጠቀማል። የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ስብስብ የእጅ ጽሑፎችን፣ አልባሳትን፣ ጌጦችንና ሳንቲሞችን ይዟል።

ከመሬት የወጣ ሳንቲም ግን ሕጉ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ ገበሬዎች ለዓመታት የቻይና ሳንቲሞች ሲያገኙ ኖረዋል። በኋላ አርኪዮሎጂስቶች በዚያው ስፍራ በቁፋሮ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞችን ከየመንና ከቻይና ሸክላ ስብርባሪ ጋር አገኙ፤ ሐርላ እስከ ሩቅ ምሥራቅ የሚደርስ የንግድ መረብ አካል እንደነበረች ያስረዱትም ከነዚሁ ግኝቶች ተነሥተው ነው።