ጆሮ በድንገት ሲደነቁር ምን ይደረጋል?

ከባሕር ዳር ወጥቶ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ጥቂት የተጓዘ ሰው ዘንዘልማ ይደርሳል። በዚያ የሚኖር አንድ መምህር ማታ ደኅና ተኝቶ ጧት ሲነሣ የዶሮ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የልጆቹ ድምፅ ፈጽሞ ቢጠፋበት ምን ያደርጋል እንበል? አንዱ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ይቀመጣል። ሌላውም ዘይት ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ በጆሮው ያንጠባጥባል። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንፈልገው፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለ ሕክምና የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን ጉዳት መሆኑን ነው።

በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት የሚደርስ የመስማት ጉድለት እንደ አጣዳፊ በሽታ ይቆጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው አንዱን ጆሮ ብቻ ሲሆን ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። ሁለቱ ጆሮዎች ባንድነት ሲደነቁሩ ግን ማጅራት ገትርን፣ የራስ ቅል መሰበርን፣ ወይም እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉትን መድኃኒቶች መጠርጠር ይገባል። ሐኪሙ ኩክ ወይም መግል አለመኖሩን ያያል፤ መስማቱንም በመሣሪያ ይለካል። የሚገባ ሆኖ ሲያገኘው ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ያዛል፤ ይህም ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው በዚያው ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና ሕክምናውን አያዘግይ።

መድኃኒቱ ሳይረዳ ሁለቱም ጆሮዎች ደንቁረው ቢቀሩስ? ድምፅን የሚያጎላው ተራ መርጃ ለእንዲህ ያለው ሰው ብዙ አይጠቅመውም። የውስጠኛው ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይመስላል፤ በውስጡም 15,000 ያህል ጸጉር መሰል ሕዋሳት ድምፅን ወደ ነርቭ ያስተላልፋሉ። እነዚህ አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ኮክሌር ኢምፕላንት የተባለው መሣሪያ ግን ሥራቸውን ይሠራል። ከጆሮ ጀርባ የሚውለው ክፍል ድምፁን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ በቀዶ ጥገና ከቆዳ በታች የተቀበረው ክፍልም በቀጭን ሽቦ አማካይነት ነርቩን ይቀሰቅሳል። የዚህን ጥበብ መንገድ በ1949 ዓ.ም. በፓሪስ ጁርኖና ኤሪየስ የተባሉ ፈረንሳውያን ጀመሩት፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በሜልቦርን ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ ነርቩን በብዙ ነጥብ የሚቀሰቅስ መሣሪያ ለሕመምተኛ አስገቡ።

ይህን መሣሪያ የሚያስብ ቤተ ሰብ አራት ነገሮችን ይመርምር።

አንደኛ፣ የመስሚያው ነርቭ ሕያው መሆን አለበት። ነርቩ ከጠፋ መሣሪያው ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ነው። ከማጅራት ገትር በኋላ ቀንድ አውጣው በሳምንታትና በወራት ውስጥ በአጥንት ሊሞላና ለሽቦው መግቢያ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በሽታ የዳነ ሕፃን ሁሉ ሳይውል ሳያድር መስማቱ ይለካ።

ሦስተኛ፣ ዋጋው ከባድ ነው፤ ተገዝቶም አያበቃም። ባትሪው፣ መለዋወጫውና ጥገናው ዕድሜ ልክ ይከተላሉ። እነዚህ ከየት እንደሚገኙ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ትዕግሥት ነው። «ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል» የሚለው ተረት ስድብ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ቀን ግራ የሚያጋባ መሆኑ እውነት ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ መሣሪያው በተከፈተለት ሰው አጠገብ ተቀምጠን ነበር። የሚስቱ ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ኳኳታ ሆኖበት አዘነ። ከወራት ልምምድ በኋላ ግን ከንፈሯን ሳያይ ቃሏን ለየ።

መሣሪያውን ያላገኘ ወይም ያልፈለገ ሰውም ከትምህርትና ከሥራ ሊቀር አይገባውም፤ የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነውና። መምህራን ሆይ! ከሕመም ተነሥቶ ወደ ክፍል የተመለሰ ተማሪ ሲጠሩት ዝም ቢል፣ እልኸኛ ነው ብላችሁ አትቅጡት። ከፊት አስቀምጡት፤ ፊታችሁን ወደ እርሱ አዙራችሁ ተናገሩ፤ በሰሌዳው ላይ ጻፉለት። ወላጆቹንም በዚያው ቀን አስጠርታችሁ ወደ ሐኪም ላኩት።